ጆንያው ስንት ይመዝናል?

በኖቬምበር 2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሊዮፖልድስሃፈን በምትባል ትንሽ ቀበሌ ሕዝቡ ከየቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ነበር። ያሰለፋቸው 200 ቶን የሚመዝን፣ 23 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ወርድ ያለው የብረት ጋን ነው። ጋኑ በቤቶቹ መካከል፣ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ በእግር ሰው ፍጥነት ያልፋል።

ጋኑ የተሠራበት ከተማና የሚሄድበት ካርልስሩኸ ቀጥታ ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ግን እንዲህ ያለ ነገር በአውራ ጎዳና አይጫንም። ስለዚህ በዳንዩብ ወንዝ ወርዶ ጥቁር ባሕር ገባ፣ ሜዲትራንያንን አቋረጠ፣ በአትላንቲክ ዞሮ በራይን ወንዝ ተመለሰ። ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጎረቤት ለመሄድ ዓለምን መዞር።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ነገር ለመመዘን ነበር። የሚመዘነው ነገር ደግሞ በተፈጥሮ ውስጥ ክብደት አላቸው ከሚባሉት ሁሉ እጅግ ቀላሉ፣ ኒውትሪኖ ነው። ሙከራው ካትሪን ይባላል።

አሁን ካትሪን ውስጥ ማሽን ለርኒንግ ገብቷል። "ሰው ሰራሽ አስተውሎት የኒውትሪኖን ክብደት ሊለካ ነው" የሚል ርዕስ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ጉዳዩ የተመቸ ነው። እውነታው ግን ከዚህ ርዕስ ያነሰም የበለጠም ነው፤ ለመረዳትም ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር ያስፈልጋል።

ቤታ ዲኬይ የሚባለው ነገር ሩቅ አገር ያለ ጉድ አይደለም። ሙዝ ውስጥ አለ። የሰው አካል ውስጥም ፖታሺየም 40 እና ካርቦን 14 በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ያደርጉታል። ኒውክሊየሱ ውስጥ ያለ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮን ተወርውሮ ይወጣል። ያ ኤሌክትሮን ምን ያህል ኢነርጂ ይዞ ወጣ? ብዙ ሺህ፣ ብዙ ሚሊዮን ኤሌክትሮኖችን እየለኩ ስንቱ በዚህ ኢነርጂ፣ ስንቱ በዚያኛው ወጣ ብሎ ግራፍ ማውጣት ነው ስፔክትረም የሚባለው።

የፊዚክስ ሰዎች መጀመሪያ የጠበቁት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ሁሉም ኤሌክትሮን እኩል ኢነርጂ ይዞ ይወጣል ብለው። በ1914 ጄምስ ቻድዊክ በርሊን ሆኖ ሲለካ ያገኘው ግን የተዘረጋ ኮረብታ ነው። አንዱ ትንሽ ይዞ ይወጣል፣ አንዱ ብዙ፣ ሌላው መካከለኛ። (ምስኪኑ ቻድዊክ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ሲነሳ እንግሊዛዊ በመሆኑ ብቻ ጀርመን አገር ካምፕ ውስጥ ተዘግቶ ከረመ።) በ1927 ኤሊስና ዉስተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ቢዝመት 210ን ካሎሪሜትር ውስጥ ከተው የሚወጣውን ሙቀት በሙሉ ለኩ። ከእያንዳንዱ አቶም 1.05 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት መውጣት ሲገባው በአማካይ የተገኘው 0.35 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለት ሦስተኛው ጠፋ!

ኒልስ ቦር "ምናልባት እዚህ ጋ ኢነርጂ አይጠበቅም ይሆናል" እስከማለት ደረሰ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን በዲሴምበር 1930 ቱቢንገን ለተሰበሰቡ ባልደረቦቹ ደብዳቤ ላከ። የማይታይ፣ ቻርጅ የሌለው ትንሽ ነገር አብሮ ይወጣል፤ የጠፋውን ኢነርጂ የሚወስደው እሱ ነው አለ። ራሱ ያልሄደው ዙሪክ ላይ የዳንስ ግብዣ ስለነበረበት ነው። የዘመናዊ ፊዚክስ አንዱ ትልቅ ሐሳብ በቀረሁበት ይቅርታ ደብዳቤ ውስጥ ነው የተወለደው። ያ የማይታይ ነገር መኖሩ በሙከራ የተረጋገጠው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነው።

ታዲያ የማይታይን ነገር እንዴት ይመዝኑታል?

አስቡት፤ ሁለት ወንድማማቾች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይካፈላሉ። አንዱን ታዩታላችሁ፣ ሌላውን በፍጹም አታዩትም። የሚታየው አንዳንዴ ግማሹን፣ አንዳንዴ ሩቡን ይወስዳል። የማይታየው ምንም የማያስፈልገው ከሆነ የሚታየው አልፎ አልፎ ሙሉውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። የማይታየው "ከዚህች በታች አልቀበልም" የሚላት አንዲት ሳንቲም ካለችው ግን የሚታየው ወንድም መቼም ሙሉውን ይዞ አይመጣም። ያቺ ሳንቲም የኒውትሪኖው ክብደት ናት። ስለዚህ የሚጠናው የግራፉ ጫፍ፣ ኤሌክትሮኑ ሁሉንም ሊወስድ የተቃረበበት ቦታ ነው።

ለዚህ የተመረጠው ትሪቲየም ነው፤ የኢነርጂው ጣሪያ 18,600 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ላይ ያልቃል። ችግሩ፣ በመጨረሻዋ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ የሚገኙት ከ10 ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች 2 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ጋን፣ ያ ሁሉ ቫኪዩም፣ ያ ሁሉ ቮልቴጅ ለእነዚህ ብርቅዬዎች ነው።

እዚህ ላይ ነው የጆንያው ነገር የሚመጣው።

ጤፍ ሲመዘን ከነጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣና የጆንያው ክብደት ይቀነሳል። የጆንያውን ክብደት በተሳሳተ መንገድ የያዘ ነጋዴ ጤፉንም ይሳሳታል። ጤፉ አንድ ቁንጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች ሊመጣበት ይችላል። ትሪቲየም ብቻውን አይቆምም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ሞለኪውል ይሠራል። አንዱ አቶም ቤታ ዲኬይ ሲያደርግ የቀረው ሞለኪውል ይንቀጠቀጣል፣ ይነሳሳል፣ ከኢነርጂው የተወሰነ ለራሱ ያስቀራል። ኤሌክትሮኑም ከምንጩ ሳይወጣ ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ሊላተም ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጆንያዎች ናቸው። የሞለኪውሉ ጆንያ ስንት እንደሚመዝን የሚታወቀው ደግሞ በዋናነት በኳንተም መካኒክስ ስሌት ነው።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካዎቹ ሎስ አላሞስና ሊቨርሞር ቤተ ሙከራዎች ይህንን መዘኑ። ሙከራው የሚያወጣው የክብደቱን ካሬ ነው፤ ማለትም ቁጥሩ ራሱን በራሱ ተባዝቶ። ከታች ክፍል የተማረ ልጅም እንደሚያውቀው ራሱን በራሱ የተባዛ ቁጥር ኔጌቲቭ አይሆንም። የሊቨርሞር ውጤት በ1995 ሲታተም −130 ነበር። የሎስ አላሞሱም ከዜሮ በታች ነው። ጤፉ ከዜሮ በታች መዘነ።

ለዓመታት ብዙ ተባለ። አንዳንዱ እንዲያውም ከብርሃን የሚፈጥን ኒውትሪኖ ይሆን ብሎ ነበር። በ2015 ግን ተመራማሪዎች እነዚያኑ አሮጌ ውጤቶች ወስደው በተሻሻለ የሞለኪውል ስሌት እንደገና ሲያዩዋቸው ኔጌቲቩ ጠፋ። ጥፋቱ በአብዛኛው የጆንያው ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲናገሩ አንባቢው ነው የተሳሳተ መዝገበ ቃላት የያዘው።

ይህን ታሪክ በአንድ ኪስ ይዛችሁ አሁን ወደ ማሽኑ ኑ።

የካትሪን ተመራማሪዎች ችግር ዳታ ማንበብ አይደለም፤ ጊዜ ነው። የሚታየውን ግራፍ ከቲዎሪ ጋር ለማስተያየት "ክብደቱ ይህን ያህል ቢሆን፣ የትሪቲየሙ ጥግግት ይህን ያህል ቢሆን፣ የማግኔቱ ጉልበት ይህን ያህል ቢሆን ግራፉ ምን ይመስላል?" እያሉ እንደገና እንደገና ማስላት አለባቸው። አንዱ ስሌት ሁሉንም ጆንያ የሚጨምር ስለሆነ ከባድ ነው። የሚያስፈልገው ደግሞ አንዴ ሳይሆን እልፍ ጊዜ ነው። በ2022 በታተመ ሥራ አንድ ቡድን ኒውራል ኔትወርክ አስተማረ። ከባዱ ስሌት ያወጣቸውን እጅግ ብዙ ግራፎች አሳዩት፤ እሱም ግቤቱን አይቶ ግራፉን መገመት ለመደ። ፍጥነቱ ሺህ እጥፍ ገደማ ሆነ። አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል እንደማለት ነው። ትክክለኛነቱም ለካትሪን የሚበቃ ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሳነስ አይገባም። ግን ማሽኑ ምን እንደተማረ ልብ በሉ። ያየው ትሪቲየምን አይደለም። አንድም ኤሌክትሮን አላየም። ያየው ሰዎች ስለ ትሪቲየም ያሰሉትን ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ጎበዝ ተማሪ ከየኔታ አፍ ዳዊቱን ሙሉ በቃሉ ይይዛል። ፊደል እየለቀሙ ከማንበብ እሱ በቃሉ ሲወርደው ይፈጥናል፣ አይደክምም። ነገር ግን የኔታ አንዲት ቃል ተሳስተው ካስያዙት ተማሪው ያቺን ስህተት በሚያምር ዜማ፣ ያለ አንዳች መንገራገር ይደግማታል። እንዲያውም አነባበቡ የተስተካከለ ስለሆነ ስህተቷ ይበልጥ እውነት ትመስላለች። ያ ኔትወርክ በ1980ዎቹ ኖሮ በዚያን ጊዜው የሞለኪውል ስሌት ቢማር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? −130 ላይ በሺህ እጥፍ ፍጥነት ይደርስ ነበር።

"ማሽኑን እኮ ባላየው ዳታ ፈትነውታል" ይባል ይሆናል። አዎ፣ ተፈትኗል። ፈተናውን ያወጡት ግን ያው የኔታ ናቸው። ያላያቸው ግራፎችም የመጡት ከዚያው ስሌት ነው። ፈተናው የሚያሳየው ተማሪው መምህሩን ምን ያህል እንደመሰለ ነው እንጂ መምህሩ ልክ መሆናቸውን አይደለም። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ላይ በሚደረገው ጭቅጭቅ ውስጥ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይረሳል። "99 በመቶ ልክ ነው" ሲባል "ከማን ጋር ሲነጻጸር?" ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ነው።

ታዲያ ከዚህ ወጥመድ እንዴት ይወጣል? መልሱ ከማሽኑ በፊት የተገኘ ነው። የተገኘውም በአንድ አሳፋሪ በሚመስል ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1985 ጆን ሲምፕሰን የተባለ በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት በትሪቲየም ስፔክትረም ላይ ትንሽ እጥፋት አየ። ግራፉ ከታች 1.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሳይታሰብ ይታጠፋል። ትርጉሙ ከታመነ አልፎ አልፎ 17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝን ከባድ ኒውትሪኖ ይወጣል ማለት ነው። ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ሌሎች ፈለጉ፤ አንዳንዶቹ አጡት፣ አንዳንዶቹ አገኙት። በ1991 በርክሌይ ውስጥ በካርቦን 14 ታየ ተባለ። (ያው ካርቦን 14 ነው፤ የአባ ገሪማን ወንጌል ብራና ዕድሜ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደረገው።) ኦክስፎርድ ላይም አንድሪው ሃይም በሰልፈር 35 አየው። ሃይም የሲምፕሰን ተማሪ የነበረ ነው። የቲዎሪ ሰዎችም ወዲያው ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ደረደሩ።

አንድ የሚያሳክክ ነገር ግን ነበር። በክሪስታል ዲቴክተር የለኩት ነበሩ እጥፋቱን የሚያዩት፤ በማግኔት የለኩት አያዩትም። ተፈጥሮ መሣሪያ አትመርጥም።

ቺካጎ አጠገብ ባለው አርጎን ቤተ ሙከራ ያሉ ሰዎች የሠሩት ሥራ የሚደነቅ ነው። ሰልፈር 35ን ለኩ፤ እጥፋት የለም። ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። "የለም" ማለት ቀላል ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰውም የለም ይላል። ስለዚህ ሰልፈሩ ውስጥ ሆን ብለው ትንሽ ካርቦን 14 ቀላቀሉበት። የሰልፈር 35 ግራፍ 167 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያልቃል፣ የካርቦን 14 ደግሞ 156 ላይ። ሲደባለቁ 156 ላይ የግድ እጥፋት መኖር አለበት። ለኩት። መሣሪያቸው እጥፋቱን በትክክለኛው ቦታና መጠን አገኘው። እጥፋት ቢኖር ኖሮ ያዩት ነበር ማለት ነው። ሥራው በ1993 ታተመ።

ሃይምስ? በዚያው ዓመት የራሱን ሙከራ መልሶ መረመረ። ከምንጩ ወጥተው በመሣሪያው ውስጥ ያለውን መከለያ እየነኩ የሚነጥሩ ኤሌክትሮኖች ትንሽ ኢነርጂ እየጣሉ ዲቴክተሩ ላይ ይደርሳሉ። ይህ በደንብ ሲታሰብ እጥፋት የሚመስለውን ነገር ሊፈጥር እንደሚችል ራሱ ጽፎ አሳተመ። ስሙ የተጠራበትን ግኝት በገዛ እጁ አፈረሰው። አንድ ሰው በወጣትነቱ፣ ሥራና ዝና በሚፈልግበት ዕድሜ፣ "ያየሁት የብረት ጥላ ነበር" ብሎ መጻፍ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ለዚያ ሽልማት የለም። በፊዚክስ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥም ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው፤ ያሳዝናል።

አሁን ካትሪን ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን ታሪክ በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ ማሽኑን ብቻውን አልተዉትም። እውነተኛውን ዳታ ከመክፈታቸው በፊት ስሌታቸውን በሲሙሌሽን ላይ ጨርሰው ይቆልፋሉ፤ ልባቸው የሚፈልገውን ቁጥር እያዩ እንዳያስተካክሉ። በኤፕሪል 2025 የታተመው ውጤታቸው ከ259 ቀን መለኪያና ከ36 ሚሊዮን ኤሌክትሮኖች የወጣ ነው። ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ነው ያሰሉት። አንዱ በዚያ ኒውራል ኔትወርክ፣ ሌላው ያለ እሱ፣ ከባዱን ስሌት በቀጥታ እያስኬደ። ሁለቱ ተስማሙ። ኒውትሪኖው ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው የሚመዝነው፤ ከኤሌክትሮን አንድ ሚሊዮንኛ እንኳን አይሞላም።

ሁለተኛው ቡድን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሺህ እጥፍ የሚፈጥን ነገር እያለ ቀርፋፋውን መንገድ የሚሄድ ቡድን ማቆየት ገንዘብ ነው፣ ጊዜ ነው፣ የሰው ጉልበት ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነበር። "ማሽኑ እኮ ይሠራዋል" ተብሎ። ማሽኑ ከባዱን ስሌት በትክክል መምሰሉ የሚታወቀው ግን ከባዱን ስሌት አሁንም የሚያውቁ ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው። እነዚያ ሰዎች ጡረታ ወጥተው የሚተካቸው ከጠፋ፣ ኔትወርኩ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም።

ይህም ሆኖ ሁለቱ ቡድኖች በመስማማታቸው ብቻ ነገሩ አይዘጋም። ጆንያው ለሁለቱም የተመዘነው በአንድ ዓይነት ቲዎሪ ነው። ሁለት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ከተማሩ ቢስማሙ አይገርምም። ይህን የሚፈታ ማሽን የለም። የሚፈታው የሞለኪውሉን ስሌት በሌላ መንገድ የሚፈትን ሰው፣ ወይም ትሪቲየምን በሞለኪውል ሳይሆን በነጠላ አቶም ለመለካት የሚለፋ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥረት ተጀምሯል፤ ግን ነጠላ አቶሞችን ይዞ ማቆየት ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ካትሪን የክብደት ልኬቱን ሲጨርስ የሚቀጥለው ዕቅድ ትሪስታን የሚባል አዲስ ዲቴክተር ተክሎ የትሪቲየሙን ስፔክትረም ጫፉን ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ጠልቆ ማየት ነው። የሚፈለገው ምን መሰላችሁ? እጥፋት። በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝን ከባድ ኒውትሪኖ ካለ የሚተወው ትንሽ እጥፋት፤ ሲምፕሰን በ1985 በዚያው ትሪቲየም ላይ አየሁ ያለው ዓይነት፣ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ። የሚመጡት ኤሌክትሮኖች ቁጥር የትየለሌ ስለሚሆን ያለ ፈጣን ስሌት አይሞከርም። ኒውራል ኔትወርኮች እንደሚገቡበት አያጠራጥርም። ዲቴክተሩ ደግሞ ሲሊከን ነው፤ ኤሌክትሮን ላዩ ላይ ነጥሮ የሚመለስበት ክሪስታል።

ማሽኑ አንድ ሌሊት "እዚህ ጋ እጥፋት አለ" ቢል፣ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዜናው ዓለምን ያዳርሳል። ያን ጊዜ ከክፍሉ ውስጥ አንዱ ተነስቶ "መከለያው የት ጋ ነው? ካርቦኑን ማን ቀላቀለ?" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።